በሴት የተያዘች

ውድ ባለቤቴ ተስፋዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ ሌላ ክረምት ገባ። እስካሁን ስምህን ቤተ ክርስቲያን እያስጠራሁ ስጸልይልህ ቆይቻለሁ፤ ዛሬ ግን የምጽፍልህ ልቆጣህ ነው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ መኪናህን፣ ቪትዟን ስሸጥ ያየሁትንና የሰማሁትን ላንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር? ልጃችን ሂሩት እንደሆነች ለቡ መብራት ኃይል ከባሏ ጋር ኑሮዋን እየኖረች ነው፤ ስደውልላት «እማ፣ አባቢን በቃ ተይው» ትለኛለች። እንዴት ብዬ ነው የምተውህ? ዕድሜ ልኬን የትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ሆኜ አርፋጅና ኮራጅ ስቆጣ የኖርኩ ሴት፣ ጡረታ ስወጣ የምቆጣው ሰው አንተ ብቻ ቀርተኸኝ ነበር፤ አንተም ሞትክብኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። «ገና ነው፣ አልቆሸሸም» እያልክ ስታስተላልፈው የኖርከውን ሳሎን ቀለም አስቀባሁት። የመካኒሳ መንገድ ተቆፍሮ፣ ሰፍቶ፣ እንደገና ተቆፍሯል፤ ታክሲ ጋ ለመድረስ በዚህ ጉልበቴ ቦይ እዘላለሁ። ከጎናችን ያለው ሰውዬ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ድምፅ ሳያሰማ ከኋላዬ እየመጣ ያስደነግጠኛል፤ ይቅርታ እንኳ አይልም፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በአንድ ቻርጅ የት ድረስ እንደምትሄድ ይነግረኛል። እናቴ ለሰርጋችን የሰጠችኝን ብርድ ልብስ ደግሞ ከመኪናዋ ላይ ገፍፌ አጠብኩት። ድመት ኮፈኗን እንዳይቧጭርብህ ብለህ ስንት ዓመት ያለበስካትን ማለቴ ነው። በሐምሌ ብርድ እኔ ካልሲ ደራርቤ ስንቀጠቀጥ፣ እሷ የእናቴን ብርድ ልብስ ለብሳ ታድር ነበር። ደጋግሜ ባጥበውም የቅባት ሽታው አልለቀቀውም። ቢሆንም እሱን ነው የምለብሰው፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ይቺን መኪና እንዴት ትሳሳላት እንደነበር ያላየ ሰው ስለ አንተ ምንም አያውቅም። የመጀመሪያዎቹ ቪትዞች ከተማ ሲገቡ ነው የገዛሃት፤ የፍጥነት መቁጠሪያዋ በነጂው ፊት መሆኑ ቀርቶ መሃል ላይ የተቀመጠ፣ ፊቷ ክብ፣ ቀለሟ ውሃ ሰማያዊ። እኩዮቿ ሁሉ ሰው ሲያመላልሱ ተቀጥቅጠው፣ ቀለም በቀለም ተደርቦባቸው፣ አንዳንዶቹም ተፈታትተው መለዋወጫ ሆነው አልቀዋል። የእኛዋ ግን በሯ ላይ ያለው ላስቲክ እንኳ አልተገፈፈም። ማን ይግፈፈው? በአንተ መኪና ውስጥ ብርቱካን አይላጥም፣ ሕፃን አይተኛም፣ የረጠበ ጃንጥላ አይገባም። ዘመድ ስናሳፍር ጫማቸውን አጋጭተው አፈሩን እንዲያራግፉ ታዛቸው ነበር። የአጎቴ ሚስት አንድ ጊዜ ወደ ቤተ መቅደስ የምትገባ መስሏት ጫማዋን ጭራሽ አውልቃ ገባች፤ አንተ ደግሞ ቀልዱ አልገባህም፣ አመሰገንካት።

ሐሞት ከረጢቴ ሊገድለኝ የደረሰበትን ቀን ላስታውስህ? ዝናቡ ሲወርድ አድሯል። እኔ ሶፋው ላይ እንደ እባብ ስጠቀለል አንተ በር ላይ ቆመህ ሰማዩን ታያለህ። ከዚያ «ጭቃ ነው፤ እሷ ዛሬ አትወጣም» አልክና ላዳ ታክሲ ጠራህ። የላዳው ሹፌር በስፖኪዮው አንዴ እኔን፣ አንዴ ግቢው ውስጥ ደርቃ የቆመችውን መኪና እያየ ከንፈሩን መጠጠ። ታዝቦሃል። እኔም ታዝቤሃለሁ። እስከ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ድረስ እጄን እንዳልለቀቅክ ግን እሱንም መካድ አልችልም።

መንጃ ፈቃድ እንዳለኝም ታውቃለህ። ተማሪ ብለህ ያስመዘገብከኝ አንተ ነህ። ፈቃዴን ይዤ ስመጣ ለቡ ገና ሜዳ ነበር፤ እዚያ ወስደህ መሪው ላይ አስቀመጥከኝ። አስቀመጥከኝና ከጎኔ ሆነህ የእጅ ፍሬኑን ጨምድደህ ያዝክ። እኔ ነዳጅ ስሰጥ አንተ ፍሬኑን ትስባለህ። መኪናዋ እያቃሰተች ትንሽ እንደሄደች ከኋላ ጎማው ሥር ጭስ ወጣ። ወርደህ አሸተትክና «አየሽ? እጅሽ ይከብዳል» አልከኝ። የከበደው የማን እጅ ነው? «ቀስ ብለሽ ትለምጃለሽ፤ እስከዚያ እኔ ልያዝልሽ» አልክ። ያዝክልኝ። እስክትሞት ድረስ ያዝክልኝ።

ለምን ሸጥሻት እንዳትለኝ። ከኩሽናዬ መስኮት ባየኋት ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር፤ ለልብስ ማስጫ በነፈግከኝ በዚያ የቆርቆሮ መጠለያ ሥር እሷ ደርቃ ቆማ፣ የእኔ አንሶላ ውጭ ዝናብ ሲጠጣ። ደግሞም የሚያንቀሳቅሳት ሰው ስለሌለ ባትሪዋ ሞተ፣ ጎማዋ ተኛ። ለሂሩት ነገርኳት፤ እሷም ደስ እንዳለሽ አለችኝ።

ወሬው ገና ከአፌ ሳይወጣ ወንድምህ ግርማ ከተፍ አለ። ይህ ሰውዬ በየበዓሉ እኛ ቤት ዶሮ እየበላ «ተስፍሽ፣ ይቺ እኮ የሴት መኪና ናት፤ ጉልበትህ አገጭህን አይመታውም?» እያለ ሲያላግጥብህ የኖረ ነው። አሁን ኮፈኗን እየዳበሰ «እንዲህ ያለ ዕቃ ዛሬ የት ይገኛል!» ይላል። እንባው ሁሉ ሊመጣ ነው። ስትታመም አንድ ቀን ብቅ ብሎ ብርቱካን ጥሎልን የሄደ ሰው፣ መኪና ሊሸጥ ነው ሲባል እኛ ቤት ውሎ ማምሸት ጀመረ። ቁርስም ምሳም አበላሁት። ምን ላድርግ፣ ደምህ ነው።

ደላላውን ያመጣው እሱ ነው። ሳምሶን ይባላል፤ መነጽሩን አናቱ ላይ ሰክቶ ሁለት ስልክ በአንዴ የሚያወራ፣ በአንደኛው ሲምል በሌላኛው የሚክድ ልጅ። «ማዘር» ይለኛል። ሲመጣ ማዘር፣ ሲሄድ ማዘር። ባትሪዋን አስሞልቶ፣ ጎማዋን አስነፍቶ ያስነሳት ግን እሱ ነው። ተማሪዬ ቢሆን ኖሮ ወላጅ አስጠራው ነበር።

ገዢ ተብለው የመጡትን ብታያቸው! አንዱ ማግኔት ከኪሱ አውጥቶ ገላዋን ሁሉ እየለጠፈ ግጭት የሚሸፈንበትን ስቱኮ ፈለገ። ማግኔቱ የነካው ሁሉ ላይ ጥብቅ ሲልበት ፊቱ ጠቆረ፤ ጉድለት አጥቶ የሚያኮርፍ ገዢ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ሌላው ከሥሯ ገብቶ ተኛና እዚያው ስልክ ተደውሎለት የእህቱን የቤት ኪራይ ጉዳይ ሲጨቃጨቅ ቆየ፤ እግሩን እያየሁ ቆሜ ጠበቅኩት። አንድ ወጣት ደግሞ የኋላ ወንበሯን ነቅሎ ትልልቅ ስፒከር ሊያስገባባት፣ ቀለሟንም ብርቱካናማ ሊያደርገው እንደሆነ በኩራት አጫወተኝ። ላንተ ስል በሩን ከፍቼ ሸኘሁት።

ነገሩ የተገለበጠው ሳምሶን በስልኩ የለጠፈውን ማስታወቂያ ሲያሳየኝ ነው። ከፎቶዋ በላይ ትልቅ አድርጎ «በሴት የተያዘች» ብሎ ጽፏል። በደላሎች ዘንድ ይቺ ቃል ምን ማለት እንደሆነች ታውቃለህ፤ ቀስ ተብላ የተነዳች፣ ሩቅ ያልሄደች፣ ጎማ ያላስጮኸች ማለት ነው። መነጽሬን አወለቅኩ፣ ጠረግኩ፣ መልሼ አደረግኩ። ያው ነው የሚለው።

ማን ነው የያዛት አልኩት። «እርስዎ ነዎታ፣ ማዘር!» አለኝ። ሳቀም። ጋራዥ ሲወስዷት፣ መኪና እጥበት ሲቆሙ፣ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ሲጠብቁ፣ ጋሽ ተስፋዬ ራሳቸው «የባለቤቴ ናት፤ ዛሬ ሥራ በዝቶባት እኔን ልካኝ ነው» ይሉ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል አለኝ። ግርማ ደግሞ አፉን ሞልቶ እየጎረሰ «እኔንም እንደዚያው ነበር የሚለኝ። የጥሩዬ ናት፣ እኔ ላንድክሩዘር እያየሁ ነው ይለኝ ነበር» አለ።

ላንድክሩዘር! አንተ? ነዳጅ እንዳይፈጅ ቁልቁለት ላይ ሞተር የምታጠፋው?

ተቀመጥኩ። ማታ ማታ ትምህርት ቤት በር ላይ መኪናዋን ተደግፈህ ስትጠብቀኝ፣ መምህራኑ ሲያልፉ «ጥሩዬ፣ መኪናሽ መጣች» ይሉኝ የነበረው ለካ ቀልድ አልነበረም። እኔ ደግሞ እንደ ጨዋ ሴት እየሳቅኩ እገባ ነበር። አንተ የነገርካቸውን ነው የደገሙልኝ። ወንዱ ሁሉ ትልቅ ጎማ ላይ ተንጠልጥሎ በሚሄድበት ከተማ፣ ትንሿን መኪና የእኔ ናት ለማለት አፈርክ። ግርማን የመሰለ ሰው ሳቀብኝ ብለህ፣ ግርማን! ስሙን ለእኔ ሰጥተህ ቁልፉን ለራስህ አስቀረህ። በዝናብ ላዳ ስትጠራልኝ እንኳ ያን ያህል አልናቅኩህም። ያን ቀን ናቅኩህ ተስፋዬ። ደግሞም በጣም አዘንኩ። በየቀኑ ብርድ ልብስ አልብሰሃት ታድራለህ፣ ሰው ፊት ግን ትክዳታለህ። እኔንስ የት የት ክደኸኝ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

በዚያው ሳምንት ደህና ገዢ መጣ። ብርሃኑ የሚባል፣ የለበሰው ያማረበት፣ ረጋ ብሎ የሚያወራ ሰው ነው። ሚስቱን ይዞ ነው የመጣው፤ ሰብለ ትባላለች፣ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። የሚገዛው ለእሷ እንደሆነ ነገረን። እሷ ትንሽ ራቅ ብላ መኪናዋን በዓይኗ ትዞራለች፤ ስለ መኪናዋ የሚያወራው፣ የሚጠይቀው፣ የሚከራከረው እሱ ነው። ግርማና ሳምሶን ደግሞ ከግራና ከቀኝ እየተቀባበሉ አንተን በሕይወትህ ያላመሰገኑህን ያህል መኪናህን አመሰገኑ።

ብርሃኑ ሁሉንም አይቶ ጨረሰና ወደ እኔ ዞረ። የጻፉት እውነት ከሆነ፣ በሴት የተያዘች ከሆነች፣ አሁኑኑ ውል እንጻፍ አለ። እኔን ብቻ ነው የሚጠብቀው። ሳምሶን ከኋላው ሆኖ በአንገቱ አዎ ይበሉ ይለኛል። ግርማ ጆሮዬ ሥር መጥቶ «አንዲት ቃል እኮ ናት። ተስፍሽ ራሱ ያላትን ነው የምትዪው፤ አሁን ውሸታም ልታስብዪው ነው?» አለኝ።

እዚህ ላይ ተቸገርኩ፣ አልዋሽህም። እውነቱን ብናገር ከመቃብር አውጥቼ ሰው ፊት ላሳፍርህ ነው። አዎ ብል ደግሞ አንድ ቀን ያልነዳኋትን መኪና ዕድሜዬን ሙሉ ስነዳ እንደኖርኩ በገዛ አፌ ልመሰክር ነው፤ የነፈግከኝን እንደሰጠኸኝ አድርጌ። ልጅ ኮርጆ ሲያዝ «መምህር፣ ይቺን ብቻ» እያለ ሲለምነኝ አንድም ቀን አልለቀቅኩም። ላንተ ስል ልለቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። በእውነት እልሃለሁ፣ «አ» የምትለው ፊደል ምላሴ ላይ ነበረች።

ያዳነኝ ብርሃኑ ነው። ማመንታቴን ሲያይ ሊያግባባኝ ፈልጎ «እሷም ገና ለማጅ ስለሆነች ነው የምጠይቅዎ። ፈቃድ አላት፣ ግን ቀስ ብላ ትልመድ፤ እስከዚያ እኔ እይዝላታለሁ» አለ።

እስከዚያ እኔ እይዝላታለሁ! በራስህ ድምፅ የሰማሁት ነው የመሰለኝ። ሰብለን አየኋት። አንገቷን ደፍታ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

ያን ጊዜ ተናገርኩ። ይቺ መኪና አንድም ቀን በሴት ተይዛ አታውቅም አልኩ። የያዛት ባሌ ነው። የሚስቴ ናት እያለ ያወራው ትንሽ መኪና መንዳት አሳፍሮት ነው። እኔ መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ ግን መሪዋን የጨበጥኩት አንድ ጊዜ ነው፤ ያኔም ፍሬኑን እሱ ነበር የያዘው። ዋጋዋ ያው ነው፣ የምትሞከረውም በወይዘሮዋ ነው፤ በሌላ ሰው አትሞከርም። ይህን ብዬ ቁልፉን ለሰብለ ሰጠኋት።

ሳምሶን ሁለቱንም ስልኮቹን ኪሱ ከቶ ግንባሩን ያዘ። ግርማ ወንድሜን ገደልሽው ብሎ ጮኸ፤ ሞቶ የለም እንዴ አልኩት። ብርሃኑ ፈገግ ለማለት እየሞከረ «ሰብልዬ፣ ዛሬ ይቅርብሽ፣ መንገዱ የተቆፈረ ነው» ሲላት እሷ በሩን ከፍታ ገብታለች። እኔም ከጎኗ ገባሁ።

አስነስታ ወጣች። ጉድጓድ መሰለህ የሳታት? አንዱንም ሳትስት ገባችበት። በለቡ አቅጣጫ ወጣ ብለን ዞረን መጣን። አንተ ብትኖር ሁለት ጊዜ ትሞት ነበር። እኔ እንኳ «ቀስ! ቀስ!» ብዬ እንደ አንተ ጮኬ፣ ወዲያው አፌን በእጄ ያዝኩ። እሷም ቀስ በቀስ ትከሻዋን አወረደች። ስንመለስ ባሏ በር ላይ ቆሞ ጎማዎቹን እየዞረ አየና እናስብበታለን ብሎ ይዟት ሄደ። ግርማ ማሰብ ማለት መቅረት ማለት ነው እያለ ሲነጫነጭብኝ አመሸ። እኔም የቀሩ መስሎኝ ነበር።

በነጋታው ሰብለ ብቻዋን መጣች። በራሷ ገንዘብ፣ በራሷ ስም ልትገዛት እንደሆነ ነገረችኝ። ባልሽስ አልኳት። «አኩርፏል፤ ይለምደዋል» አለችኝ። እንዲህ ስትለኝ ሳቄ መጣና ተቃቅፈን ሳቅን። ውሉ ተጻፈ፣ ስሙ ዞረ። ሞተሩን አልጠየቀችኝ፣ ቀለሟን አላሞገሰች። ክላክሱ ይሠራ እንደሆነ ብቻ ጠየቀችኝ፤ እኔ ደግሞ ምን አውቄ? ስንት ዓመት ደጄ ላይ ቆማ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም። ሰብለ ከግቢ ስትወጣ ጢጥ አድርጋ ነፋችው፤ ቀጭን፣ የሚያስቅ ድምፅ ነው ያላት። በሩን ዘግቼ ባዶውን መጠለያ ሳየው አለቀስኩ። ስለ መኪናዋ እንዳይመስልህ።

ግን ነገሩ እዚህ ላይ አላበቃም። ከቀናት በኋላ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ሱቁ በር ላይ ግርማ ከጎረቤቶች ጋር ቆሞ ሲስቅ ደረስኩ። የመኪናዋን ነገር እያወራላቸው ነው። «ወንድሜ እኮ ድሮም ውሸት ይወድ ነበር፤ የሚስቱን ቀሚስ ተከልሎ ነው የኖረው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ምን እንደነካኝ አላውቅም። ሰልፍ የማስይዝበት ድምፄ መጣ። በሰው ፊት፣ በዚያ ሁሉ ጎረቤት ፊት፣ እንዲያ ውሸታም ያደረግከው አንተ ነህ አልኩት። በየበዓሉ እየሳቅክበት፣ የገዛ ዕቃውን እንዲያፍርበት ያደረግከው አንተ ነህ። በሆስፒታል ኮሪደር የሚስቱን እጅ ይዞ ቆሞ የዋለ ሰው ነው፤ አንተ የማንን እጅ ይዘህ ታውቃለህ? ሁለተኛ ስሙን በክፉ ብታነሳ ከደጄ እንዳትደርስ። ዳቦዬን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ እያሰብኩበት ነው። ሰው ሲሞት ያሳምሩታል ተስፋዬ፤ የለቅሶ ቤት ንግግር የሰማ ሰው ክፉ ሰው በዚህች ከተማ ሞቶ የማያውቅ ይመስለዋል። እኔ አላሳምርህም። ስስታም ነበርክ፣ የሰው ሳቅ ይፈትህ ነበር፣ ከእኔ በላይ ለአንድ ቆርቆሮ የሳሳህበት ቀን ነበረ። ማታ ማታ ግን ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመህ ጠብቀኸኛል፤ አንድም ቀን አልቀረህም። ሁለቱንም አንድ ላይ አስታውሳለሁ፤ አንዱን ለሌላው ስል አልጥልም፣ እስካለሁ ድረስ። የሚጠይቀኝ ካለም እውነቱን እነግረዋለሁ። አንተን መውቀስ ግን የእኔ ሥራ ነው፤ ለሌላ ሰው አልሰጥም።

ሚስትህ ጥሩወርቅ